የነሐሴ ቆጣሪ

በ2014 ዓ.ም. ክረምት፣ መካኒሳ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ስድስት ቤተሰብ ሆነን በአንድ ቆጣሪ እንጠቀም ነበር። ቆጣሪው የተመዘገበው በአከራያችን ስም ነው። ከውጭው በር አጠገብ በላሜራ ሳጥን ተቆልፎበት ተሰቅሏል፤ ቁልፉ ከእማማ መቀነት አይለይም። እማማ የምንላቸው አከራያችንን ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የሚተዳደሩት ከዋናው ቤት ጀርባ አንድ በአንድ ባስቀጠሏቸው የጭቃ ክፍሎች ኪራይ ነበር።

ቤቱን ልከራይ የሄድኩ ዕለት መጀመሪያ የጠየቁኝ ባል ይኑረኝ አይኑረኝ ወይም የት እንደምሠራ አልነበረም። «ምጣድ አለሽ?» አሉኝ። አለኝ አልኩ። «ካውያስ?» እሱም አለ። ትንሽ አሰቡና «ስቶቭ ግን አይሆንም፤ ሽቦው አይችለውም» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። እናቴ ቄራ አካባቢ ተከራይታ ባሳደገችን ዘመን ሂሳቡ በአምፖል ነበር። አንድ አምፖል ያለው የአንድ ይከፍላል፣ ሁለት ያለው የሁለት፤ ማታ የሚያጠና ልጅ ካለ ደግሞ ከአከራይ ጋር ጠብ ነው። እኔ በደረስኩበት ጊዜ የአምፖል ቆጠራው ቀርቶ በቤት መካፈል መጥቷል። የወሩ ሂሳብ ሲመጣ ለስድስት ይካፈላል፣ አለቀ። ማን ስንት ፈጀ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

በግቢው ከእኔና ከልጄ ሌላ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ይኖራል። ቀጥሎ ሱቅ መከራየት አቅቷት ቤቷ የምትሠራ ልብስ ሰፊ አለች። ከወሎ መጥተው ግንባታ ላይ የሚውሉ ሁለት ወንድማማቾች አሉ። ጥግ ላይ ያለውን ክፍል የያዘችው እንጀራ ጋግራ ለሱቆች የምታስረክብ ሴት ናት፤ በዕድሜ ስለምትበልጠን ሁላችንም እትዬ እንላታለን። ስድስተኛዋ ራሳቸው እማማ ናቸው።

በጋውን ይህ አከፋፈል ማንንም አላጣላም። ነገሩ የሚለወጠው ክረምት ሲገባ ነው። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን በብርድ ወራት የመብራት ሂሳብ ናረብን ሲሉ የሚያወሩት ስለ ቤት ማሞቂያ ነው። በእኛ ግቢ ማሞቂያ የሚባል ዕቃ አልነበረም፤ የበረደው ጋቢ ይደርባል፣ ካልሆነለትም በጊዜ ይተኛል። የእኛን ቆጣሪ የሚያሯሩጠው ከብርዱ ይልቅ እርጥበቱ ነው። መካኒሳ ትንሹ አቃቂ የሚያልፍበት ሰፈር ስለሆነ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጠዋት ጉሙ ከወንዙ ተነሥቶ እስከ ረፋድ አይገለጥም። የታጠበ ልብስ ቀናት ተሰጥቶ እንደረጠበ ይመለሳል። እንጨት ጭስ እንጂ ነበልባል አይሰጥም። ከሰል የሚያመጡት መኪኖች ጭቃው ስለሚይዛቸው ዋጋው ይወደዳል። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ልጆች ቤት ይውላሉ፤ ቤት የዋለ ልጅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እንጀራ ይጠይቃል። ነሐሴ ከመባቻው እስከ 15 ፍልሰታ ነው፤ ሽሮውም ምስሩም ያለ እንጀራ አይበላም። በበጋ በእንጨት፣ በከሰልና በፀሐይ ሲከፈል የቆየው ሁሉ በክረምት ተጠቅልሎ ቆጣሪው ላይ ያርፋል።

የሐምሌን ሂሳብ የእማማ ልጅ ባንክ ከፍሎ ደረሰኙን ያመጣው በፍልሰታ የመጀመሪያው ሳምንት ነው። ሺህ ብር አልፏል። ለእያንዳንዳችን ሁለት መቶ ከምናምን ብር ደረሰን፤ ሰኔ ላይ ከከፈልነው በብዙ ይበልጣል። የግል ትምህርት ቤት መምህርት ነኝና የክረምት ደሞዜ ግማሽ ነበር፤ ገንዘቡ ለእኔም ቀላል አልነበረም። ማታ ሁላችንም እማማ ሳሎን ተሰበሰብን።

ታላቁ ወንድም መጀመሪያ ተናገረ። «እማማ፣ እኛ ቤት ያለው አንድ አምፖል ነው። ከሥራ ስንገባ እናበራለን፣ ስንተኛ እናጠፋለን። ሁለት መቶ ብር የሚበላ አምፖል የት አለ?» የጥበቃው ሚስት ቀጥላ ልብስ ሰፊዋን ጎን ወጋ አደረገቻት፤ ካውያዋ ሌት ተቀን እንደማይነቀል ሁላችንም እናውቃለን አለች። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ዓይኗን ወደ ቴሌቪዥኑና ወደ ፍሪጁ ወርወር አደረገች፤ የእማማ ስለሆኑ በቃል አልተናገረችም። አንድ ሰው የስልክ ቻርጀር አነሣ። ሌላው በረንዳው ላይ ሲነጋ የሚረሳውን አምፖል አነሣ። እትዬ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን እያስተካከለች ምንም አላለችም።

ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ነበር። ዜናው የዓባይ ግድብ ሁለተኛ ተርባይን በዋዜማው፣ ነሐሴ 5 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ማመንጨት መጀመሩን ያሳያል። የመጀመሪያው የጀመረው የካቲት 13 ነበር። በዚያ ምሽት ደግሞ ሦስተኛው ዙር የውኃ ሙሌት መጠናቀቁ ተነገረ። ጥበቃው ወደ ስክሪኑ እያመለከተ «ቦንዱን ገዝተናል፣ ከደሞዝ አስቆርጠናል፣ ይኸው አመነጨ። ታዲያ ሂሳቡ ምን ሆኖ ነው የሚጨምረው?» አለ። ታናሹ ወንድም «ለጅቡቲ እየሸጡት ነዋ» ብሎ ሳቀ። እማማ ግን አልሳቁም፤ «ውኃው ሞልቶ ሂሳቡ አይጎድልም?» አሉ።

ጥያቄያቸውን ብዙ ሰው ይስቅበታል፤ እኔ ግን ተገቢ ጥያቄ ይመስለኛል። ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በግንቦት 2011 ዓ.ም.፣ የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ ቀንሷል ተብሎ መብራት በፈረቃ ሲሆን፣ ውኃና መብራት አንድ ነገር መሆናቸውን በዓይናችን አይተናል። ውኃ ሲያጥር መብራት ከጠፋ፣ ውኃ ሲትረፈረፍ ለምን አይረክስም? ዋጋው ግን በዝናቡ አይወሰንም። ከአሥር ዓመት በላይ ሳይነካ የቆየው ታሪፍ ወጪውን አይሸፍንም ተብሎ ከታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኖ ነበር፤ የመጨረሻው ደረጃ ሥራ ላይ የዋለው በዚያው በ2014 ነው። እኛ ስለ ቻርጀር ስንከራከር ያመለጠን አንዱ ነገር ይህ ነበር።

ስብሰባው እኔ ላይ አለቀ። «አንቺ ሒሳብ ታስተምሪያለሽ፤ በይ አስሊልን» አሉኝ እማማ፤ ከመቀነታቸው ቁልፉን ፈትተው ሰጡኝ። ይህን ቁልፍ ለተከራይ ሲሰጡ ማንም አይቶ አያውቅም።

በማግስቱ ቅዳሜ ስለነበር ሁሉም ቤት ዋለ። የላሜራውን ሳጥን ከፈትኩና ሁሉም ያለውን ነገር በሙሉ እንዲነቅል አደረግኩ። ቆጣሪው አሮጌ ነው፤ በመስታወቱ ውስጥ ጠርዟ ላይ ጥቁር ምልክት ያላት አንዲት ክብ ትሽከረከራለች። ሁሉም ሲነቀል ክቧ ቆመች። ይህ ራሱ ለብዙዎቹ እፎይታ ነበር፤ ከውጭ የሚሰርቀን ሰው አለ የሚል ጥርጣሬ ግቢው ውስጥ ሲዘዋወር ከርሞ ነበርና። ከዚያ የወንድማማቾቹን አምፖል አስበራሁ። ክቧ መንቀሳቀሷን ለማወቅ ትንፋሽ ይዞ ማየት ያስፈልጋል። የስልክ ቻርጀር ስናስገባማ ጭራሽ ለውጥ አልታየም፤ ልጆቹ አልቆጠረውም ብለው ጮኹ። የእማማ ቴሌቪዥን ትንሽ አነቃነቃት። ካውያው ሲሰካ ጥቁሯ ምልክት ቶሎ ቶሎ ብቅ ትል ጀመር፤ የጥበቃው ሚስት በድል አድራጊነት ዞር ብላ አየችን። በመጨረሻ እትዬ ምጣዷን ሰካች። ክቧ እንደ እንዝርት ሾረች፤ ጥቁሩን ምልክት በዓይን መከተል አልተቻለም።

ሁሉም ዝም አለ። ከዚያ የጥበቃው ሚስት፣ ቀስ ብላ፣ «ይሄ እኮ የሁላችንም ምጣድ ነው» አለች።

እውነቷን ነው። ምጣድ የሌላቸው ወንድማማቾቹ ብቻ ነበሩ። የኤሌክትሪክ ምጣድ እንዴት እንደሚሠራ ያየ ሰው አይደነቅም። ከሸክላው ሥር በተቆፈረ ቦይ የሙቀት ሽቦ ይዞራል፣ በጀሶ ይለሰናል፣ በላሜራ ይታቀፋል። ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ይስባል። አንድ ቆጣቢ አምፖል ግን 11 ዋት ነው። በየሌሊቱ ለአምስት ሰዓት ቢበራ፣ አንድ ሰዓት የተሰካ ምጣድ የሚፈጀውን ለመፍጀት ከሁለት ወር በላይ ያስፈልገዋል። በ2001 እና 2002 ዓ.ም. ገደማ መንግሥት አሮጌዎቹን አምፖሎች ሰብስቦ ቆጣቢዎቹን በሚሊዮን በነፃ ሲያድል፣ እናቴም ተሰልፋ ወስዳለች። የተሰበሰቡት አምፖሎች 60 ዋትም 100 ዋትም ይበሉ ስለነበር ለአገር ትልቅ ቁጠባ ነው። ከዚያ በኋላ ግን በአንድ ቤት ውስጥ ከአምፖል የሚቆጠብ ብዙ ነገር አልቀረም። አባቶች ዛሬም ድረስ ልጆቻቸውን «መብራቱን አጥፋ!» እያሉ ይቆጣሉ፤ ምጣዱ ሊጥ ሳይቀርብለት ለሩብ ሰዓት ሲግል ግን የሚናገረው ሰው የለም።

ምጣዱን የባሰ በላተኛ የሚያደርገው ደግሞ የምሽቱ ኃይል መድከም ነው። እኛ ሰፈር ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ሁሉም ቤት ስለሚሰካ አምፖሉ ይቀላል፣ ቴሌቪዥኑ ይንቀጠቀጣል። ኃይሉ ከ220 ቮልት ወደ 180 ቢወርድ የምጣዱ ሙቀት በሲሶ ይቀንሳል፤ ሽቦው የሚሰጠው ሙቀት ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፣ በካሬ ነው የሚወርደው። ይህን ፎርሙላ ለተማሪዎቼ ነግሬያቸዋለሁ፤ ትርጉሙን የነገረችኝ ግን እትዬ ናት። «ማታ የጋገርሽው ዓይን አያወጣም፤ ምጣዱ ይይዘዋል፣ አክንባሎውን ብታቆዪው ይደርቅብሻል» አለችኝ። ደካማ ምጣድ ለአንድ እንጀራ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፤ በዚያ ረዘም ባለ ጊዜ ውስጥ ደግሞ ሙቀቱ በጎንና በሥር እየወጣ ቤቱን ያሞቃል እንጂ ሊጡን አያበስልም። እሷ ለዚህ ነው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የምትነሣው። እኛ ሌሊት የምትነሣው ለገበያው ስትል ይመስለን ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በደብተር ላይ የየቤቱን አስቀመጥኩ። እትዬ በቀን አራት ሰዓት ያህል ትጋግራለች፣ እሑድን አትሠራም። በሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ስናሰላው በወር ከ350 ኪሎ ዋት ሰዓት ያልፋል። ሐምሌ ላይ ግቢው በሙሉ የፈጀው 640 ገደማ ነበር፤ ስለዚህ ከግማሽ በላዩ የእሷ ነው። ልብስ ሰፊዋና እማማ እያንዳንዳቸው ወደ ዘጠና ይጠጋሉ። ጥበቃው ሃምሳ ገደማ፣ እኔ ከዚያ ዝቅ። ወንድማማቾቹ አሥር እንኳ መሙላታቸው ያጠራጥራል።

እትዬ ይህን ስትሰማ ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር። «አውቀዋለሁ» ነው ያለችው። በበጋ የምትጋግረው ከግቢው ጀርባ በሰጋቱራና በባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። ክረምት ሲገባ ሰጋቱራው ይሻግታል፣ ጭሱ ዓይኗን ያጠፋታል፤ ወደ ኤሌክትሪኩ ትገባለች። የሂሳቡ መናር ምክንያት ይኸው ነበር። አንድ ሰው አልባለገም፣ አንድ አምፖል አልተረሳም፤ አንዲት ሴት ከዝናብ ሸሽታ ቤት ገብታ ጋገረች። ሦስት ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ ምጣድ እንደሆነ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

«ግማሹን እኔ ልክፈል» አለች። እማማ ይበዛብሻል አሏት። ከዚያ እሷው ሌላ ሐሳብ አመጣች፤ ያን ሐሳብ እኔ በደብተር ብዙ ብለፋም የማመጣው አይመስለኝም። «የእኔ ምጣድ ሌሊት ከጋለ እስኪነጋ አይበርድም። እናንተ ደግሞ ለአሥር እንጀራ ብላችሁ እያንዳንዳችሁ ከቀዝቃዛ ትጀምራላችሁ። ሊጣችሁን አምጡ፤ እኔ ስጨርስ በጋለው ላይ ጋግሩ።»

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ረቡዕና ቅዳሜ ማለዳ የእትዬ ክፍል የግቢው ማድቤት ሆነ። አብሲቱን ማታ ጥለን፣ ሊጡ ሲነሣ በባልዲ ይዘን ተራ እንጠብቃለን። መጀመሪያ የጥበቃው ሚስት፣ ልጆቿ ስለሚበዙ፤ ከዚያ እኔ፤ ከዚያ ልብስ ሰፊዋ፤ መጨረሻ የእማማ። ወንድማማቾቹም ሽሮ ብቻ መሥራት ስለሚያውቁ ጤፍ ገዝተው ለእትዬ ሰጡና እንጀራ መግዛት አቆሙ። ሸክላው ላይ የሚቀረው ሙቀት እንዳይባክን አክንባሎው ላይ የልጆች ካልሲና የትምህርት ቤት ሹራብ እናሰጣለን፤ ጨርቁ የሊጥ ሽታ ይዞ ይደርቃል። ልጄ እስከ መስከረም እንጀራ እንጀራ ሸተተ።

ልብስ ሰፊዋ ካውያዋን ለብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ መሰካት ጀመረች፤ ቀድሞ ለእያንዳንዱ ስፌት ታግለው ነበር። ይህን ማንም አልመከራትም፤ ከቆጣሪው ፊት ለፊት ቆማ ስላየች ብቻ ነው። የጥበቃው ሚስት ደግሞ እሷን ጎን መውጋት ተወች፤ ምክንያቱም ከደብተሩ እንዳየችው የካውያው ድርሻ የታሰበውን ያህል አልነበረም።

ምን ያህል ተቆጠበ? በሐቅ ለመናገር ብዙ አይደለም። አንድ ምጣድ ለመጋል ወደ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ይፈጃል፤ አራት ቤት በሳምንት ሁለት ሁለት ጊዜ መጋሉን ሲተው በወር ሠላሳ ገደማ ይቀራል። የነሐሴ ሂሳብ ከሐምሌ ትንሽ ዝቅ ብሎ መጣ፤ በዓል ባይኖር ይበልጥ ይወርድ ይሆናል፣ ለእንቁጣጣሽ ድፎ ያልደፋ ቤት ግን አልነበረም። የተለወጠው ክፍፍሉ ነው። ወንድማማቾቹ የአምፖላቸውን ከፈሉ፤ እኛ የየራሳችንን። እትዬ ከግማሽ በላይ ከፈለችና በአንዱ እንጀራ ላይ ሃምሳ ሳንቲም ጨመረች።

ያ ሃምሳ ሳንቲም ነው ታሪፉን ፈልጌ እንዳነብ ያደረገኝ። ከየት አመጣችው? በጣት ቆጥራ ነው። ስሌቷን በደብተሬ ስፈትሸው ግን አልተሳሳተችም። በሰዓት ሃያ እንጀራ ከተጋገረ ለአንዱ 0.18 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይወጣል። የዚያን ዓመት ታሪፍ ስናይ፣ በወር ከ50 ኪሎ ዋት ሰዓት የማይበልጥ ቤት በአንዱ 0.2730 ብር ይከፍል ነበር፤ ይህ ከጭማሪው ሁሉ ተርፎ እንደነበረ የቆየ ነው፣ ድሃውን ለመጠበቅ ታስቦ። ከዚያ እስከ 100 ያለው 0.7670፣ እስከ 200 ያለው 1.6250፣ እስከ 300 ያለው 2 ብር እያለ ይወጣና ከ500 በላይ ያለው 2.4810 ይደርስ ነበር። ከጭማሪው በፊት ይህ የመጨረሻው እርከን 0.6943 ብር ነበር። እንግዲህ በመጀመሪያው እርከን ላይ የተጋገረ እንጀራ የመብራት ወጪው አምስት ሳንቲም ነበር፤ በመጨረሻው እርከን ላይ የተጋገረው አርባ ሦስት ሳንቲም። ምጣዱ ለመጋል የሚፈጀውን ስትጨምሩበት ወደ እትዬ ሃምሳ ሳንቲም ይጠጋል።

እኔን ያበሳጨኝ ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ታሪፉ ሰውን አያይም፣ ቆጣሪን ነው የሚያይ። አንድ ቪላ ውስጥ አንድ ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ 90 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢጠቀም ሁለተኛው እርከን ላይ ይቆማል። እኛ ስድስት ቤተሰብ፣ አብዛኞቻችን ከ100 በታች የምንጠቀም፣ በአንድ ቆጣሪ ስለተደመርን የላይኛው ጣሪያ ላይ ወጣን። ለድሃ የተተወው ያ የሃምሳ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ የሚታሰበው በቆጣሪ እንጂ በቤተሰብ አልነበረም። ወንድማማቾቹ የግል ቆጣሪ ቢኖራቸው ኖሮ የአገልግሎት ክፍያውን ሳንጨምር የወር ፍጆታቸው ዋጋ ሦስት ብር አይሞላም ነበር። የላይኛው እርከን ፍሪጅና ቦይለር ያለውን ሰው ይይዛል ተብሎ የተሠራ ነው፤ መካኒሳ፣ ቆሬ፣ ሃና ማርያም፣ ሳሪስ ጓሮ ውስጥ ግን የሚይዘው በጭቃ ክፍል ተደርድሮ የሚኖረውን ተከራይ ነው። ይህን ሰንጠረዥ ያወጡት ሰዎች ክፋት አስበው እንዳላደረጉት አምናለሁ፤ ባለ አንድ ቆጣሪ ግቢ ውስጥ ግን የኖረ ሰው በመካከላቸው እንዳልነበረ እጠረጥራለሁ።

ለየቤቱ ቆጣሪ ለማስገባት አሰብን። ለማመልከት የይዞታ ማስረጃ ያስፈልግ ነበር። እማማ ካርታ አላቸው፤ ካርታው ላይ ያለው ግን ዋናው ቤት ብቻ ነው። የጓሮዎቹ ክፍሎች ያለ ፈቃድ የተሠሩ ስለሆኑ ለእነሱ ቆጣሪ መጠየቅ ማለት ሰው ጠርቶ «እነዚህን ኑና እዩ» ማለት ነው። እማማ ደብተሬን ሰምተው ሲጨርሱ፣ «ልጄ፣ ሁለት መቶ ብር ለማዳን ቤቴን ላስፈርስ?» አሉ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን አላነሣሁም። አሁንም ቢሆን መልስ ያለኝ አይመስለኝም።

መስከረም ሲጠባ ፀሐይ ወጣ፤ እትዬ ወደ ሰጋቱራዋ ተመለሰች፤ ሂሳቡ ወረደ፣ ጉባኤውም ፈረሰ። የቆጣሪው ቁልፍ ግን ወደ መቀነት አልተመለሰም። ከእማማ በር ጀርባ ሚስማር ላይ ተሰቀለ፤ የፈለገ ሄዶ ከፍቶ ያያል። ልጆቹ ይህን ጨዋታ አደረጉት፤ አንዱ ቤት ገብቶ ይሰካል፣ ሌላው ከቆጣሪው ዘንድ ሆኖ ምን እንደተሰካ ይገምታል። የጥበቃው ትልቁ ልጅ ካውያና ስቶቭ መለየት ችሎ ነበር። ስቶቭ ማን ቤት እንዳለ በዚያው ታወቀ፤ እማማ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ።

በ2016 መጨረሻ ወደ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ተዛወርኩ። እዚህ የራሴ የካርድ ቆጣሪ አለኝ፤ አስቀድሜ እሞላለሁ፣ ሲያልቅ ይጠፋል። የማንም ምጣድ በእኔ ላይ አይደመርም። በራሴ ቆጣሪ ስሆን ለካ የሃምሳውን እርከን ልነካው ምንም ያህል አይቀረኝም፤ እንጀራ ከሱቅ ስለምገዛ ብዙ ወር ከሥሩ እውላለሁ። ይህም ሌላ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ የእኔ ቆጣሪ የድሃ ዋጋ ይከፍላል፣ እንጀራዬን የምትጋግርልኝ ሴት የሆነ ቦታ ላይ የጣሪያውን ዋጋ እየከፈለች ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ሁሉም ነገር ሲንቀሳቀስ፣ የመብራቱም ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት እንዲቀጥል ተወሰነ። ድሮ በዓመት አንዴ የሚሰማው ነገር አሁን በየሩብ ዓመቱ ይመጣል።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የዓባይ ግድብ ሲመረቅ እማማ ደወሉልኝ። ምርቃቱን እያዩ ነው፤ ጥበቃውም አጠገባቸው ነው፣ የቦንድ ወረቀቱን አውጥቶ እያሳየ እንደሆነ ነገሩኝ። ስለ ልጄ ጠየቁ፣ ስለ ቤት ኪራዩ ጠየቁ። ከዚያ ዋናውን ጉዳይ አመጡ። ልጃቸው መርካቶ ሄዶ ትንንሽ ቆጣሪዎች ገዝቶ ለየክፍሉ አስገጥሟል፤ ከዋናው ቆጣሪ በኋላ፣ ግቢው ውስጥ ብቻ የሚቆጥሩ። አሁን የማን ስንት እንደሆነ በቁጥር ይታያል፤ ደብተር አያስፈልግም።

«ታዲያ ችግሩ ምንድነው?» አልኳቸው።

«ዋጋው ነዋ! ትልቁ ቆጣሪ ላይ የሚመጣው የሁሉም ድምር ብር ነው። ወንድማማቾቹ ሄደው አሁን በእነሱ ቤት አንድ ተማሪ ልጅ ገብቷል፤ አምፖልና ስልክ ብቻ ነው ያለው። ስምንት ቆጥሯል። እሱን በስንት ላስከፍለው?»

የወሩን ጠቅላላ ብር ለጠቅላላው ኪሎ ዋት ሰዓት ያካፍሉት፣ የሚወጣውን በስምንት ያባዙት አልኳቸው። ስልኩን አስቀምጠው ሲያሰሉ ይሰማኛል፤ ልጃቸው ካልኩሌተር ይዟል መሰለኝ። ከቴሌቪዥኑ ጭብጨባ ይመጣል።

«ይሄ እኮ» አሉኝ ተመልሰው፣ «የጋጋሪዋ ዋጋ ነው።»